«ሲስተሙ ነው እንዲህ ያለው»፦ የመንግሥት ኦንላይን ፎርሞች ችግርና መፍትሄ

የምሠራበት ክፍል ለመንግሥት ቢሮዎች የኦንላይን ፎርም መሥሪያ ያዘጋጃል። የቢሮው ሠራተኛ ኮድ ሳይነካ ጥያቄዎቹን ይደረድራል፣ ሊንኩን ይለቃል፣ መልሱን በኤክሴል ያወርዳል። እንግሊዞች ጎቭ ዶት ዩኬ ፎርምስ የሚሉት ዓይነት ነው። ሥራው ወደፊት እየሄደ ነው፤ ስልኬም መጮኹን አላቆመም። የሚመጣው ችግር ግን ያው ስለሆነ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ኢንተርኔት መኖሩን፣ ፎርሙ መለቀቁን፣ የማብቂያ ቀኑ አለማለፉን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ካላያችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ።

የሰው ዕድሜ ሲዛባ

ከአሥር ስልክ ሰባቱ ይሄ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ምልክቱ ብዙ መልክ አለው። ወጣቱ «ዕድሜህ አልፏል» ይባላል። ጳጉሜ ላይ የተወለደ ሰው ቀይ ጽሑፍ ይወጣበትና ወደፊት መሄድ ያቅተዋል። ጥቅምት 30 የተወለደም እንደዚያው። ሌላው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ያለችግር ያልፋል። ስለዚህ ቢሮው «ሁለት ሦስት ሰው ነው የተቸገረው፣ የስልካቸው ችግር ነው» ብሎ ይተወዋል።

የስልካቸው ችግር አይደለም። የቀን ሳጥኑ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራ ነው። 13ኛ ወር አያውቅም። ሁለተኛው ወር ለሱ ፌብሩዋሪ ነው፣ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም። ቀይ ጽሑፍ የወጣባቸው እድለኞች ናቸው፤ ቢያንስ ስህተት መኖሩን አውቀዋል። አደጋው ዝም ብሎ ያለፈው ሰው ላይ ነው።

አንዷን ልንገራችሁ። ሰኔ 2017 ነው። አንድ ቢሮ አዲስ ምሩቃንን ሊቀጥር ፎርም ለቀቀ፤ የዕድሜ ጣሪያው 30። አንዲት ልጅ ተመዝግባ «ከተፈቀደው ዕድሜ በላይ» የሚል መልስ መጣላት። ቢሮ ሄደች። ባለሙያው መታወቂያዋን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ «ሲስተሙ ነው እንዲህ ያለው» አላት። ሲስተሙ ማለት እኔ ነኝ እንግዲህ።

እኛ ጋ መጣች። «እስቲ እንደገና ሙዪው» አልኳት። ስልኳን አወጣች። ሲነኩት ብቅ የሚለው ካላንደር ወጣ። ወደ ኋላ የሚወስደውን ቀስት በአውራ ጣቷ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥር ጊዜ ነካች፤ ገና 2024 ላይ ናት። ተወችውና በእጇ ጻፈች፦ 15/08/1992። ሚያዝያ 15 ቀን 1992 ዓ.ም. ማለቷ ነው። ሳጥኑ አጠገብ የተጻፈው «የልደት ቀን» ብቻ ነው፤ ዓ.ም. የለ፣ እ.ኤ.አ. የለ። ኮምፒውተሩ ኦገስት 15, 1992 ብሎ ያዘው። የ25 ዓመቷ ልጅ የ32 ዓመት ሴት ሆነች። ልብ በሉ፣ ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ትክክለኛ ቀን ነው። በምንም ቼክ አይያዝም።

አስተካከልነው። ሚያዝያ 15 ቀን 1992 ዓ.ም. ኤፕሪል 23, 2000 ነው፤ በዚያ አስቀመጥነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ደወለች። «አሁን ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ነሽ አሉኝ።»

ከድጡ ወደ ማጡ። የሆነው ይሄ ነው፦ ባለሙያው ፋይሉን በኤክሴል አወረደ። 23/04/2000 ይላል። የዓምዱ ርዕስ አሁንም «የልደት ቀን» ብቻ ነው። እሱም ታታሪ ሰው ነው፤ «ይሄ በኛ አቆጣጠር መሆን አለበት» ብሎ ስልኩ ላይ ባለ መቀየሪያ አንድ በአንድ ወደ ፈረንጅ ለወጠው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2000 ዓ.ም. ጃንዋሪ 2, 2008 ሆነ። የተቀየረው ቀን ድጋሚ ተቀየረ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰኔ፣ ሦስት ዕድሜ፦ 25፣ 32፣ 17።

መፍትሄው አንድ ነገር አይደለም፤ አራቱንም አድርጉ።

ብቅ የሚለውን ካላንደር ለልደት ቀን አትጠቀሙ። እንግሊዞቹም ለልደት ቀን ሦስት ሳጥን ነው የሚያደርጉት፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ለኛ ደግሞ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስም ይሁን። ከመስከረም እስከ ጳጉሜ 13 ስም ይዘርዘር። ኦገስት የተወለደ ሰው «ሚያዝያ» ብሎ አይመርጥም። ይቺ ብቻዋን አብዛኛውን ስህተት ትገድላለች።

ሁለተኛ፣ ከዓመቱ ሳጥን ጎን ዓ.ም. ብላችሁ ጻፉ። ውጭ አገር ያሉ ወገኖች የሚሞሉት ፎርም ከሆነ ቀድማችሁ «በየትኛው አቆጣጠር ይሞላሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ያለ ሰው ፓስፖርቱን አጠገቡ ከፍቶ ነው የሚሞላው፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ደግሞ የፈረንጁ ነው።

ሦስተኛ፣ መልሳችሁ አሳዩት። «ሚያዝያ 15 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ኤፕሪል 23, 2000። ትክክል ነው?» ሰው የራሱን ልደት ሲያነብ ስህተቱን ወዲያው ያየዋል።

አራተኛ፣ ሰውየው የጻፈውንም የተቀየረውንም ለየብቻ አስቀምጡ። ኤክሴል ላይ «የልደት ቀን (ዓ.ም.)» እና «የልደት ቀን (እ.ኤ.አ.)» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ይውጡ። በአዲሱ ስሪት ፎርም መሥሪያው ይሄን በራሱ ያደርጋል። አሮጌ ፎርም እየገለበጣችሁ የምትሠሩ ግን፣ እባካችሁ፣ የምትገለብጡት ከነበሽታው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቀን መቀየሪያ ኮድ ራሳችሁ የምትጽፉ ከሆነ «7 ወይም 8 ደምር» እያላችሁ አትጻፉ። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አይደለም። ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ 12 ይሆናል፤ የአንድ ቀን ልዩነቱም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይቆያል። መሞከሪያ ልስጣችሁ፦ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11, 2023 መሆን አለበት። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12, 2023። መስከረም 1 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 11, 2024። ከሦስቱ አንዱን ከሳተ ኮዱን ጣሉት።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ወደ ኋላ ከተሳበ ጥፋቱ የሰዓት ቀጠና ነው። እኛ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት እንቀድማለን። የኛ እኩለ ሌሊት በግሪንዊች ሰዓት ለሚሠራ ሰርቨር የትናንት ምሽት 3 ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ቀኑን በትናንት ይመዘግበዋል። እኛ ጋ ይሄ የታወቀው መስከረም 1 የተወለዱት በሙሉ ጳጉሜ ውስጥ ሲገኙ ነው። ብዙ ናቸው ደግሞ፤ ትክክለኛ ቀኑን የማያውቅ ሰው «መስከረም 1 በለው» ስለሚል። የልደት ቀንን ከነሰዓቱ አታስቀምጡ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብሎ እንደ ጽሑፍ መያዝ ይበቃል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ፣ ይሄኛው ትልቁ፦ አንዴ የተቀላቀለ ዳታ ላይ ሙሉ ዓምዱን መርጣችሁ «7 ቀንስ» እንዳትሉ። ግማሹ ሰው በኛ፣ ግማሹ በፈረንጅ ነው የሞላው። ቀኑ 31 የሆነ ሁሉ በእርግጠኝነት የፈረንጅ ነው፤ የኛ ወር 31 የለውም። ከዚያ ውጭ ያለውን በግምት አትለዩም። እኛ ሁለት ተለማማጆች ይዘን ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ ደወልን። «ይቅርታ፣ ልደትዎ በኛ ነው በፈረንጅ?» ሲባሉ ስልኩን የዘጉብን አሉ። እኔም ብሆን እዘጋው ነበር።

ኤክሴል ያበላሻቸው ነገሮች

ምልክት፦ በግዕዝ የተጻፈው ሁሉ ባርኔጣ ያደረገ ላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። ምክንያት፦ የሲኤስቪ ፋይሉን (መልሶቹ በኮማ ተለይተው የተጻፉበትን) ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ ከፈታችሁት፤ ኤክሴልም ዩቲኤፍ-8 በሚባለው፣ ግዕዝንም በሚይዘው የፊደል ኮድ መጻፉን አላወቀም። መፍትሄ፦ መጀመሪያ ባዶ ኤክሴል ክፈቱ፣ «ዳታ» ውስጥ ገብታችሁ ፋይሉን ከዚያ አስገቡ፣ 65001 የሚለውን (የዩቲኤፍ-8 መለያ ነው) ምረጡ። ይሄ ዓይነቱ ይድናል። ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ከተቀመጠ ግን ዳታቤዙ ሲቀበለው ነው የጠፋው፤ አይመለስም።

ምልክት፦ የፋይዳ ቁጥር መጨረሻው ሁሉ ዜሮ። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር 16 አሃዝ ነው። ኤክሴል ደግሞ ቁጥር ብሎ ሲይዘው ከ15 አሃዝ በላይ አይችልም፤ 16ኛውን ዜሮ ያደርገዋል። በዚያው ሴቭ ካደረጋችሁት የመጨረሻው አሃዝ ሄደ። እንደገና ከፎርሙ አውርዱና ዓምዱን «ቴክስት» ብላችሁ አስገቡ። የቲን ቁጥር ፊት ያሉት ዜሮዎች የሚጠፉትም በዚሁ ነው፣ የስልኩ ዜሮም። ቁጥር ማለት የምትደምሩት ነገር ነው። የሰው ስልክ ቁጥር ደምራችሁ ታውቃላችሁ?

ቀኖቹ ግማሹ ወደ ግራ ግማሹ ወደ ቀኝ ተጠግተው ካያችሁ አትንኩ። ኤክሴል አንዳንዱን ወርና ቀን አገላብጦ ተርጉሞታል፣ ያልገባውን እንደ ጽሑፍ ትቶታል። ያንን ፋይል ዝጉትና በትክክል አስገቡት።

ስም

ከውጭ የተቀዳ ፎርም «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ የአባቱን ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን፣ ሦስተኛው የራሱን ይደግማል። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ ጠይቁ፤ አለቀ። አንድ ፎርም የልጅና የአባት የመጨረሻ ስም ካልተመሳሰለ አላሳልፍም ሲል አይቻለሁ። የልጁ የአያት ስም የአባቱ የአባት ስም ነው፤ እንዴት ብሎ ይመሳሰላል? የሠራው ሰው የራሱን ልጅ ስም እንኳ ሞልቶ አልሞከረውም።

ሙሉ ስም በአንድ ሳጥን ተቀብላችሁ በክፍት ቦታ አትቁረጡ። «ኃይለ ገብርኤል» አንድ ስም ነው። ሰው «ተመዝግቤ ነበር፣ ስሜ የለም» ካለ ደግሞ በሀ፣ በሐ እና በኀ፣ በሰ እና በሠ፣ በጸ እና በፀ፣ በአ እና በዐ ፈልጉት። ፍለጋው እነዚህን እንደ አንድ እንዲያይ ሲስተሙ ላይ አስተካክለናል፤ አሮጌዎቹ ፎርሞች ላይ ግን በእጅ ነው። የሰውየውን አጻጻፍ ግን አትቀይሩበት። ስሙ የሱ ነው።

ከድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር ኮፒ ተደርጎ የተለጠፈ ጽሑፍ ትርጉም የለሽ ላቲን ሆኖ ከመጣ ሰውየው እንደገና ይጻፍ። ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደል ኮድ፣ ዩኒኮድ፣ ግዕዝን የያዘው ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ፎንት አሁንም የሚጽፍ ቢሮ አለ።

ጥቃቅኖቹ

«ስልክ ቁጥርዎ ልክ አይደለም» የሚለው 07 ያላቸውን ብቻ ከሆነ፣ ቼኩ የተጻፈው ሳፋሪኮም ከመምጣቱ በፊት ነው። 09ንም 07ንም፣ በ251 የሚጀምረውንም ተቀበሉ።

አንድ ሰው አምስት ጊዜ ከተመዘገበ፣ ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍበት «ላክ» የሚለውን አምስቴ ነክቷል። ቁልፉ አንዴ ከተነካ ይደንዝዝ፣ የመዝገብ ቁጥርም ወዲያው ይታየው።

ቀጠሮ 09:00 ብላችሁ ጽፋችሁ ሰው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ከመጣ ጥፋቱ የናንተ ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት» በሉ።

ፎቶ አልቀበልም ካለ መጠኑን እዩ። የዛሬ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ 4 እና 5 ሜጋባይት ነው፤ ፎርሙ ላይ 1 ብላችሁ ወስናችሁ «ስህተት ተፈጥሯል» ማለት ስድብ ነው። ስንት እንደሚፈቀድ ጻፉለት።

መልስ መጣ ተብሎ ማንም ካላየው፣ ኢሜይሉ የሚሄደው ከሁለት ዓመት በፊት ተዛውሮ ወደ ሄደ ሠራተኛ ነው። ሳትጠይቁኝ እሱን እዩ። የክፍሉን ኢሜይል ተጠቀሙ፣ የግለሰብ አይሁን።

እና ፎርሙን ከመልቀቃችሁ በፊት የሙከራውን ዳታ አጥፉ። የአንድ ቢሮ የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ የአመልካቹ ቁጥር ከጠበቅነው በዝቶ አንድ ቀን ሙሉ ፈለግን። 41ዱ አመልካች ስሙ አበበ፣ የአባቱ ስም በሶ፣ የአያቱ ስም በላ ነበር።