የፋን ኦቨን ለደሴና ለኮምቦልቻ ዳቦ ቤቶች፦ ተከላ፣ አጠቃቀምና ጽዳት

ፋን ኦቨን ትኩስ አየርን በፋን እያዞረ የሚጋግር ምድጃ ነው። ኦቨኑን በውሃ ልክ አስተካክላችሁ አቁሙት፤ ካዘነበለ ኬኩ በአንድ ወገን ይወፍራል። ከግድግዳ የሚርቅበትን ልክ ከማኑዋሉ ውሰዱ፤ የሞተሩ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ፈጽሞ አይታፈኑ።

ኦቨኑ ባለ 380 ቮልት ሦስት ፌዝ (በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ) ከሆነ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ይኑረው፤ ኤሌክትሪሺያን ያገናኘው። የፋኑ ሞተርም ሦስት ፌዝ ከሆነ የሚዞርበትን አቅጣጫ አስፈትሹ። ሁለት ፌዝ ከተቀያየረ ፋኑ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ንፋሱ ይደክማል፣ ዳቦውም እኩል አይበስልም። ብዙዎች በስህተት ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) የሚወቅሱት እዚህ ላይ ነው።

ያለ ፋን በ220 ዲግሪ የሚጋገረውን በ200 ጀምሩ። ትሪዎቹን አታጣብቁ፤ ንፋሱ በመሃላቸው ማለፍ አለበት።

ከፍታውን አትርሱ። ኮምቦልቻ 1,850፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የደሴ ብርድ ሊጡን ቢያዘገየውም ኦቨን ውስጥ ከገባ በኋላ ጋዙ ይበልጥ ይሰፋል፤ ስለዚህ እጥፍ ከመሙላቱ በፊት አስገቡት፣ አለዚያ ተነፍቶ ይወድቃል። በጋዝ የሚሠራ ኦቨን ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ጥላሸት ካወጣ አየር አንሶታል፤ ባለሙያ ለከፍታው የሚስማማ የጋዝ መውጫ አፍንጫ ይግጠምለት።

ማታ ኃይሉን አጥፍታችሁ፣ ሲቀዘቅዝ የበሩን ጎማ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ እጠቡ። በሩ ላይ ወረቀት ዘግታችሁ ሳቡ፤ ያለ ችግር ከወጣ ጎማውን ቀይሩ።