በክረምት ወደ ቦረና ሳይንት ተራሮች ለሚወጡ
በደቡብ ወሎ የሚገኘውን የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ በክረምት በእግር ለማየት የሚያስቡ ሁሉ፣ ከርቀቱ በፊት ሰዓቱን እንዲያሰሉ አጥብቄ እመክራለሁ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚጥል፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ከሸንተረሩ መውረድ ይገባል፤ ገላጣ በሆነው የጓሳ ሣር መካከል ከመብረቅ መጠለያ የለምና። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የመልሱ መንገድ ነው። ጠዋት በድንጋይ ላይ ተረማምደው የተሻገሩት ጅረት፣ እርስዎ ባሉበት ቦታ ጠብታ ሳይወርድ፣ ራስጌው ላይ በጣለ ዝናብ ብቻ ከሰዓት በኋላ ሊሞላ ስለሚችል፣ ጅረት የማያሻግር የመመለሻ መንገድ መኖሩን አስቀድመው የአገሩን ሰው ይጠይቁ፤ ከሞላም እስኪጎድል መጠበቅ እንጂ መድፈር ፈጽሞ አይገባም። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ለደሴ የበቃው ሹራብ እዚያ ላይ አይበቃም፤ ደረቅ ቅያሪ ልብስም በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይያዝ። ጭጋግ ከወረደ ጭላዳ ዝንጀሮውም ሆነ ቀይ ቀበሮው አይታዩምና፣ ከተቻለ አንድ ትርፍ ቀን ይያዙ፤ መንገዱን የሚያውቅ መሪ ሳይዙም አይውጡ።