በተማሪዎች ጉዳይ ሥራ ሲፈልጉና ሲጀምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ወጣቶችን መርዳት እወዳለሁ» ብሎ ማመልከት። ቀጣሪው ኮሚቴ ይህን ዓረፍተ ነገር በየማመልከቻው ላይ ስለሚያገኘው ስለ እርስዎ ምንም አይነግረውም። በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ የተማሪዎች ጉዳይ የሚባለው ዘርፍ መኖሪያ ሕንፃን፣ ዲሲፕሊንን፣ ምክር አገልግሎትን፣ የአካል ጉዳተኞች ድጋፍን፣ ክበባትንና የአዲስ ገቢዎችን አቀባበል ያቀፈ ሲሆን እያንዳንዱ የራሱን ችሎታ ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ሲቪ ለሁሉም አይላኩ። በማስታወቂያው ላይ ለተዘረዘረው ለእያንዳንዱ ተፈላጊ ችሎታ የሠሩትን አንድ ነገር ይጻፉ። «ክበብ አስተባብሬያለሁ» ብለው አያቁሙ፤ ስንት አባላት ነበሩት? በጀቱን ማን አጸደቀው? እርስዎ ከለቀቁ በኋላ ቀጠለ ወይስ ፈረሰ? ራስዎን የሚመዝኑበት መነሻ ካጡ፣ አክፓና ናስፓ የተባሉት የአሜሪካ የሙያ ማኅበራት በ2015 እ.ኤ.አ. አሻሽለው ያወጧቸውን 10 የብቃት ዘርፎች ይመልከቱ። ሕግና ፖሊሲ፣ ምዘናና ጥናት፣ ቴክኖሎጂ፣ ምክርና ድጋፍ ከነዚህ ውስጥ ናቸው።

ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ተረኝነት ሳይጠይቁ መውጣት። የሌሊት ተራ በወር ስንት ጊዜ ይደርሳል? ሌሊት ተጠርቶ ያደረ ሠራተኛ በማግስቱ ያርፋል? ሕንፃው ውስጥ መኖር ግዴታ ከሆነ ቤተሰብ ይዞ መግባት ይቻላል? ሥራ የለቀቀ ሰው ቤቱን በስንት ቀን ያስረክባል? እነዚህን መጠየቅ ስንፍና የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በዓመቱ አጋማሽ ተማርረው የሚለቁትም አብዛኛውን ጊዜ እነዚሁ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባት። ይህ ስህተት ሁልጊዜ የሚሠራው በደግነት ስለሆነ ነው እንዲህ የሚያንገበግበው። ተማሪዋ ከስብሰባ በኋላ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በሩን ገርበብ አድርጋ «አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ግን ለማንም እንዳይናገሩብኝ» ትላለች። አዲሱ ሠራተኛ ምን እንደሚከተል ሳያውቅ «በፍጹም፣ አታስቢ» ይላል። የሚከተለው ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ ጾታዊ ጥቃት ወይም የሚዝትባት ሰው ሊሆን ይችላል። ቃሉን ቢጠብቅ ተማሪዋን ለአደጋ ይተዋታል፤ ቢያፈርሰው ደግሞ ከእንግዲህ ለእሱም ለሌላ ሠራተኛም አፏን ላትከፍት ትችላለች። ገደቡ መነገር ያለበት እሷ ከመጀመሯ በፊት ነው፦ «ብትነግሪኝ ጥሩ ነው። ግን በአንቺ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ ካለ ወይም ጥቃት ደርሶ ከሆነ፣ ለሚመለከተው ክፍል የማሳወቅ ግዴታ አለብኝ። ያኔም ለማን እንደምናገር አስቀድሜ እነግርሻለሁ።» ይህን ሰምታ መናገሩን ብትተወው አይጫኗት። ምስጢር የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ ያለበትን አማካሪ ይጠቁሟት፤ ፈቃደኛ ከሆነች እስከ አማካሪው በር ድረስ ያድርሷት። ስልክ ቁጥር ጽፎ መስጠት ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ተማሪ ሳይደውል ይቀራል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከጠረጠሩ ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም አይሂዱ፤ «ራስሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው?» ብለው ይጠይቁ። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። መልሷ «አዎ» ከሆነ ባለሙያ እስኪደርስ ብቻዋን አይተዉዋት።

የማሳወቅ ግዴታው ከአገር አገርና ከተቋም ተቋም ይለያያል። ስለዚህ ሥራ በጀመሩበት ቀን አለቃዎን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ምን ዓይነቱን ጉዳይ ነው የማሳውቀው? ለማን? በስንት ሰዓት ውስጥ?

ሪፖርት ላይ ፍርድ መጻፍ። «ተማሪው ሰክሮ ይረብሽ ነበር» የሚል ሪፖርት ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት አንድ ጥያቄ ሲነሳበት ይወድቃል። ያዩትንና የሰሙትን ብቻ ይጻፉ፦ «ከሌሊቱ 7፡40 በሩ ሲከፈት የአልኮል ሽታ ነበር። ተማሪው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ስሙን ስጠይቀው ‹ምን አገባህ› ብሎ በሩን ዘጋ።» ከሌላ ሰው የሰሙት ከሆነ ማን እንደነገረዎት ይግለጹ። ሲነጋ ዝርዝሩ ስለሚምታታ በዚያው ሌሊት ይጻፉት። ተማሪው ራሱ አንድ ቀን ሊያነበው እንደሚችልም አይርሱ። የተማሪ ስምና ጉዳይ በቴሌግራም ግሩፕ አይላክም፤ ግሩፑ የሠራተኞች ብቻ ቢሆንም።

ከተማሪዎች ጋር ጓደኛ መሆን። በዕድሜ የሚቀራረቡ ሠራተኞች በተለይ ይጠንቀቁ፤ ዛሬ አብሮዎት ያመሸው ተማሪ ነገ በዲሲፕሊን ጉዳይ ፊትዎ ሊቀርብ ይችላል።

በመጀመሪያው ወር አሠራር መለወጥ። ምዝገባውን፣ የፈተና ሰሞኑንና ክሊራንሱን አንድ ዙር ሳያዩ አይንኩ። ትርጉም የለሽ የሚመስል ፎርም ብዙ ጊዜ ከአንድ ያለፈ ችግር በኋላ የመጣ ነው። ይልቅ ለምን እንደተጀመረ ይጠይቁ።

ዝግጅትን ከማስታወቂያው መጀመር። ፖስተር ተለጥፎ አዳራሹ ያልተያዘበት፣ ተናጋሪ ተጋብዞ ክፍያው ያልጸደቀበት ዝግጅት ስንት ነው! ከዝግጅቱ ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ፦ መጀመሪያ የፈተና ካላንደር፣ ቀጥሎ አዳራሽ፣ ግዢ፣ ጥበቃ፤ ማስታወቂያው በመጨረሻ። ግዢ ክፍል ጥያቄ ለማስተናገድ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት በሥራ መጀመሪያ ሳምንትዎ ይወቁ።

የስልክ ዝርዝር ሳይዙ ተረኛ መሆን። አምቡላንስ፣ ጥበቃ፣ ተረኛ አማካሪ፣ የቅርብ አለቃ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ቁልፍ ያዥ። በስልክዎ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ይያዙት፤ ባትሪ ያልቃል። ከመጀመሪያው ተራዎ በፊት ከድንገተኛ መስመሮቹ በቀር እያንዳንዱን ቁጥር ደውለው ይሞክሩት፤ ሥራ ከለቀቀ ቆየት ያለ ሰው ቁጥር ማግኘት የተለመደ ነው።