አፑ «የሳንባ ምች የለም» ካለ መጀመሪያ የስልኩን ቀን እዩ

የማህበረሰብ ጤና ሠራተኛ ሆናችሁ የታመሙ ሕፃናትን በስልክ አፕ እየታገዛችሁ የምታክሙ ከሆነ፣ ስልኩ አንድ ቀን ማስቸገሩ አይቀርም። ወደ ስልኩ ከመግባታችን በፊት ግን፦ ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ ስልኩን ተዉት። ሪፈር ጽፋችሁ ቶሎ ላኩት። ፎርሙ በኋላ ይሞላል።

ልጁ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ አፑ ግን «ጉንፋን ነው» ይላል

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ሌላው ብልሽት ቢያንስ ይታያል፤ እዚህ ግን ስልኩ ምንም ሳይል የተሳሳተ መልስ ይሰጣችኋል።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የስልኩ ቀን ነው። አንዳንድ ስልኮች ባትሪያቸው ጨርሶ አልቆ ሲበሩ ቀናቸው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አፑ ደግሞ ዕድሜን የሚያሰላው ከዚያ ቀን ተነስቶ ነው። የ14 ወር ልጅ በደቂቃ 45 ጊዜ ተነፈሰ እንበል። ከ12 ወር ጀምሮ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ስለሆነ የሳንባ ምች ተብሎ ይታከማል። ስልኩ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ከቀረ ግን ያው ልጅ የ2 ወር ሕፃን ሆኖ ይቆጠራል፤ ከ2 እስከ 11 ወር ደግሞ መነሻው 50 ነውና 45 ጤነኛ ተብሎ ያልፋል። ተቅማጥ ካለበትም የሚሰጠው የዚንክ መድኃኒት ከ20 ሚሊግራም ወደ 10 ይወርዳል። የምግብ እጥረት የሚለይበት የክንድ ዙሪያ ልኬትማ ልጁ ከ6 ወር በታች ነው ተብሎ ጭራሽ ሊዘለል ይችላል።

ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቀንና ሰዓቱን ከኔትወርክ እንዲወስድ አድርጉት፣ ኔትወርክ ከሌለ በእጅ አስተካክሉ። ይህ ብቻ አይበቃም። ቀኑ ተዛብቶ በነበረበት ጊዜ ያያችኋቸውን ልጆች ፈልጋችሁ እንደገና እዩ።

ቀኑ ልክ ከሆነ ወደ ቆጠራው ሂዱ። ልጁ እያለቀሰ ወይም እየጠባ የተቆጠረ ትንፋሽ አይረባም። 30 ሴኮንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛትም ይቅር፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያልና 60ውን ሴኮንድ ሙሉ ቁጠሩ። በየትንፋሹ ስክሪን የሚያስነካ አፕ ከሆነ ዓይን ሳይታወቅ ወደ ስልኩ ይሄዳል፤ ጣታችሁ ስክሪኑ ላይ፣ ዓይናችሁ ደረቱ ላይ ይሁን። ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ግን ቁጥሩ ስንትም ቢሆን ሪፈር ነው።

ፎርሙ አልላክ አለ

ኔትወርኩ፣ የሞላ ሜሞሪ፣ ወይም አሁንም ያው የተሳሳተ ቀን ነው (ቀኑ በጣም ከተዛባ ሰርቨሩ ግንኙነቱን ላይቀበል ይችላል)። ፎቶና ቪዲዮ አጥፍታችሁ ቦታ ፍጠሩ፣ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ሲንክ አድርጉ (ያልተላከው ወደ ሰርቨሩ እንዲሄድ)። አደራ፣ አፑን አጥፍቶ እንደገና መጫን የሚል ምክር አትስሙ። ያልተላከው መረጃ አብሮ ድራሹ ሊጠፋ ይችላል።

የወባ ምርመራው ሰዓት ቆጣሪ በመሃል ቆመ

ባትሪ ቆጣቢው አፑን ከጀርባ ዘግቶታል። ሴቲንግ ውስጥ ይህን አፕ ከባትሪ ቁጠባ አውጡት፤ ለማንኛውም የጀመራችሁበትን ሰዓት በእስክሪብቶ መመርመሪያው ላይ ጻፉ። ከሰዓቱ በፊትም ሆነ በጣም ዘግይቶ የተነበበ ውጤት አይታመንም።

ፎርሙ ሁሉ ማታ ማታ ነው የሚሞላው

ይሄ ለሱፐርቫይዘሮች ነው። የሁሉም ሕፃን ፎርም የተሞላበት ሰዓት ምሽት ላይ ከተደረደረ ሠራተኛዋን ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት አብራችኋት አንድ ቤት ግቡ። ምናልባት እናትየዋ ልጇ ታሞ እያለ ሠራተኛዋ ስልክ የምትጎረጉር መስሏት ተቀይማ ይሆናል። ስክሪኑን ለእናትየዋ እያሳዩ፣ «አሁን ትንፋሹን ልቆጥር ነው» እያሉ መሥራት ብዙውን ይፈታል። ካልፈታ ፎርሙ በዝቷል ማለት ነው፤ ለሕክምናው ውሳኔ የማይጠቅሙትን ጥያቄዎች ለይታችሁ አስወጡ።