«ኢንካንዴስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ሳይሳሳቱ እንዴት መጠቀም ይቻላል?

በአንድ ቀጭን ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሽቦው መጀመሪያ ይሞቃል። ቀጥሎ ይፋጃል። ከዚያ ይቀላል። የክፍሉን መብራት ብታጠፉ እንኳ ጨለማው ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንግሊዝኛ ለዚህች ለመጨረሻዋ ደረጃ ብቻ የተለየ ግስ አለው፦ ኢንካንዴስ (incandesce)።

ወደ አማርኛ ስንመልሰው ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው «ጋለ» ነው። ስህተቱም የሚጀምረው እዚሁ ጋ ነው። ብረት ጋለ ለማለት እጅ ማቃጠሉ ይበቃል፤ ማብራት አይጠበቅበትም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው የመኪና ኮፈን ግሏል፣ ኢንካንዴስ ግን አላደረገም። ትንሽ የሚቀርበው «ጋመ» ነው። ፍሙ ጋመ ስንል መቅላቱም አብሮ ይታየናል። ካልሆነም «ግሎ አበራ» ማለት ይቻላል፤ ሁለት ቃል ቢሆንም ትርጉሙን አያጎድልም።

መጀመሪያ አነባበቡን እንያዝ። ኢን፣ ካን፣ ዴስ፤ ድምፃችን የሚበረታው በመጨረሻዋ ላይ ነው። አጻጻፉ ላይ ብዙ ሰው የሚያጠፋው ከ«ኤስ» ቀጥላ የምትመጣዋን «ሲ» ነው፤ ስለማትሰማ ትረሳለች። የመጣችው ከላቲን ነው። በላቲን ይህች «ሲ» ያለችበት የቃል ጅራት «መሆን ጀመረ» የሚል ስሜት ይሰጣል። ግንዱ ደግሞ «ነጣ፣ አበራ» ማለት ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ «ከሙቀት የተነሳ እየነጣ ሄደ» ይሆናል። ሻማ ማለት የሆነው ካንድል፣ የብርሃን መለኪያው ካንዴላ፣ እንዲሁም ካንዲዴት የሚለው ቃል ሳይቀር ከዚሁ ግንድ የወጡ ናቸው። ካንዲዴት እዚህ ምን አገባው? የጥንት ሮማውያን ለሹመት ሲወዳደሩ የነጣ ልብስ ይለብሱ ስለነበር ነው።

ቀጥሎ የሚያስፈልገን አንድ ጥያቄ ነው፦ ብርሃኑ የመጣው ከሙቀቱ ነው? እኔ ራሴ በአንድ ወቅት የስልክ ስክሪን በጨለማ «ኢንካንዴስ አደረገ» ብዬ ጽፌ ታርሜያለሁ። ስክሪን ያበራል፣ የሚያበራው ግን ስለጋለ አይደለም። የኤልኢዲ አምፖልም እንደዚያው ነው። በጨለማ እየበራ የሚበር ጥንዚዛም ሆዱ ውስጥ በሚካሄድ ኬሚካላዊ ለውጥ ነው የሚያበራው። በተለይ ፍሎረሰንት የሚባለው መብራት ያሳስታል፤ ስሙ ከግሱ ቅጽል ከኢንካንዴሰንት ጋር ቤት ስለሚመታ ዘመዱ ይመስላል። አይደለም። አሠራራቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ሙቀቱ ስንት ሲደርስ ነው ግሱን መጠቀም የሚቻለው? ለዚህ መልስ አለው። ጆን ዊሊያም ድሬፐር የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1847 ባሳተመው ጥናት፣ ጠጣር ነገሮች ለዓይን በሚታይ ደረጃ ደብዝዘው መቅላት የሚጀምሩት በ525 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ደስ የሚለው፣ ብረትም ሆነ ድንጋይ ቁጥሩ ያው መሆኑ ነው። ከዚያ በታች ያለ ነገርም ጨረር ያወጣል፤ የእኛም ገላ ያወጣል፤ ዓይናችን ግን አያየውም። ሙቀቱ 1000 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቀለሙ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል፤ ከ1300 ካለፈ ወዲያ እየነጣ ይመጣል። ብረት ቀጥቃጮች ቴርሞሜትር ሳያስፈልጋቸው የብረቱን ሙቀት በቀለሙ የሚለዩት ለዚህ ነው።

አሁን ዋናውን መለያ እንይ፤ መንደድና ኢንካንዴስ ማድረግ አንድ አይደሉም። እንጨት ሲነድ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ኢንካንዴስ ያደረገ ነገር ግን ሲቀዘቅዝ እንደነበረ ሊገኝ ይችላል። የድሮውን አምፖል አስቡት። ውስጡ ያለው የቱንግስተን ክር ወደ 2500 ዲግሪ ደርሶ ያበራል፣ ግን አይነድም፤ ኦክስጅን የለማ! በርቶ ሳለ ብርጭቆው ቢሰበር አየር ይገባና ክሩ ወዲያው ተቃጥሎ ያልቃል። በአንድ አምፖል ውስጥ ሁለቱም ግሶች አሉ፤ መጀመሪያ ኢንካንዴስ፣ ከዚያ «በርን» (burn፣ ነደደ)።

ነገሩን ትንሽ የሚያወሳስበው የሻማ ነበልባል ነው። ሻማው ይነዳል፣ እውነት ነው። ቢጫው ብርሃን ግን የሚመጣው ነበልባሉ ውስጥ ግለው ከሚያበሩ ደቃቃ የጥላሸት ብናኞች ነው። ስለዚህ ሻማው በርን ያደርጋል፣ ጥላሸቱ ኢንካንዴስ ያደርጋል። የጋዝ ምድጃ ሰማያዊ ነበልባል ላይ ግን ይህን ግስ አትጠቀሙ፤ የዚያ ብርሃን ምንጭ ኬሚካላዊ ነው።

ዓረፍተ ነገር ስትሠሩ ባለቤቱ የጋለው ነገር ራሱ ይሁን። «ዘ ዋየር ቢጋን ቱ ኢንካንዴስ» ማለት ሽቦው ግሎ ማብራት ጀመረ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተሳቢ አይፈልግም። አንድን ነገር ግሎ እንዲያበራ አደረገ በሚል ትርጉምም አንዳንዴ ይገኛል፣ ለጀማሪ ግን አልመክረውም። ላለፈ ጊዜ ኢንካንዴስድ፣ እየሆነ ላለ ነገር ኢንካንዴሲንግ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግሱ ብዙም አይዘወተርም። በተራ ወሬ መሃል ብታስገቡት መጽሐፍ የምታነቡ ትመስላላችሁ። እዚያ «ግሎው» (glow፣ አበራ) ይበቃል። ኢንካንዴስን ለሳይንስ ጽሑፍ ወይም አንባቢው ሙቀቱን እንዲያስብ ለምትፈልጉበት ቦታ አስቀምጡት። ቅጽሉ ኢንካንዴሰንት ግን በደንብ ይሠራበታል፣ በተለይ ለቁጣ። የእንግሊዝ ጋዜጦች አንድ ሰው በጣም ሲቆጣ «ኢንካንዴሰንት ዊዝ ሬጅ» ይላሉ። ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ ንዴት የሚለው ቃላችን ራሱ ነደደ ከሚለው የወጣ ነው። ሲተረጎም «በንዴት አበራ» አትበሉ። «እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ መጣ» ብትሉ አንባቢው ሰውየውን ያየዋል።