ትራፊክ ፖሊስ በእርሳስ እንዴት ይሳላል? ከአጥንቱ እስከ ማዕረጉ

ልጆች ፖሊስ ሳሉ ሲባሉ መጀመሪያ የሚስሉት ኮፍያውን ነው። ቀጥሎ ቁልፎቹን፣ ከዚያ ቀበቶውን። ሰውየው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ለዚህም ነው ልብስ የተሰቀለበት እንጨት የሚመስለው። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበር የምስለው። ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ለመሳል መጀመሪያ ሰውየውን መሳል አለባችሁ። ልብሱ በኋላ ይደርሳል።

ዛሬ የምንስለው ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ አስፋልት መሃል ቆሞ፣ ቀኝ እጁን አንስቶ መኪና የሚያስቆም። መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ታክሲ ስትጠብቁ ለአምስት ደቂቃ ልብ ብላችሁ እዩት። ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውር፣ እጁን ሲያነሳ አንጸባራቂ ሰደርያው በአንድ በኩል ወደ ላይ ሲሳብ፣ ፊሽካ ሲነፋ ጉንጩ ሲሞላ። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ ግን ቀርባችሁ አስፈቅዱት። ሥራ ላይ ያለ ፖሊስ ላይ ዝም ብሎ ስልክ መደቀን ደስ አይልም፣ ለእናንተም ጣጣ ያመጣል።

ዕቃው ቀላል ነው። ኤችቢ እርሳስ ለመነሻው መስመር፣ 2ቢ ለልብሱ፣ 6ቢ ለጥቁሩ ጥላ። 6ቢ ካጣችሁ 4ቢ ይበቃል። ነጭ ኤ4 ወረቀት፣ መቅረጫ፣ ላጲስ። ላጲስ ላይ አትቆጥቡ። እርሳስ ጫፍ ላይ የምትመጣው ሮዝ ላጲስ ወረቀቱን ትቧጭረዋለች፣ ቀለሟንም ትታበት ትሄዳለች። ለስላሳ ነጭ ላጲስ ግዙ። ማስመሪያ አያስፈልግም፤ በማስመሪያ የተሰመረ ሱሪ ከሩቅ ያስታውቃል።

1. ቁመቱና አቋሙ

ወረቀቱ መሃል ላይ ከላይ ወደ ታች ቀጭን መስመር አስምሩና ስምንት እኩል ቦታ ክፈሉት። የአዋቂ ሰው ቁመት የራሱን ጭንቅላት ሰባት ተኩል ያህል ጊዜ ነው። ለመከፋፈል ስለሚመች ግን ብዙ ሠዓሊዎች ስምንት ያደርጉታል። የመጀመሪያው ክፍል ጭንቅላቱ ነው፣ ያለ ኮፍያ። ሁለተኛው ክፍል ደረቱ ላይ ያልቃል፣ ሦስተኛው እምብርቱ ላይ፣ አራተኛው እግሮቹ የሚገናኙበት ላይ። ስድስተኛው ጉልበቱ ላይ፣ ስምንተኛው ጫማው ሶል ላይ። ከላይ ለኮፍያውና ለተነሳው እጅ ቦታ መተው አትርሱ።

ትከሻው የጭንቅላቱን ስፋት ሦስት ጊዜ ያህል ነው። ከዚያ ካጠበባችሁት ደንብ ልብሱን ተውሶ የለበሰው ይመስላል።

ቀኝ እጁን ስላነሳ ክብደቱን ግራ እግሩ ላይ ጣሉት። ያን ጊዜ ግራ ዳሌው ትንሽ ከፍ፣ ግራ ትከሻው ትንሽ ዝቅ ይላል። ቀኝ ትከሻው ደግሞ ከእጁ ጋር ይነሳል። ይህቺ ትንሽ ዘንበል ማለት ናት ሰውየውን ሕይወት የምትሰጠው። ከዚያ ደረቱን እንደ እንቁላል፣ ዳሌውን እንደ አጭር ሳጥን፣ እጅና እግሩን እንደ ቧንቧ አድርጋችሁ ሥጋ አልብሱት። በኤችቢ፣ እጃችሁን ሳትጫኑ።

2. ፊቱ

ዓይኑ የጭንቅላቱ እኩሌታ ላይ ነው፤ ኮፍያውን ሳትቆጥሩ። ጆሮው ከቅንድብ እስከ አፍንጫው ጫፍ ድረስ ነው። ፊቱን ወደ አንድ ወገን ትንሽ አዙሩት፣ ግን ሁለቱም ዓይኖቹ ይታዩ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ልማድ ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ያንን እያየን ስላደግን ይመስለኛል፣ በጎን የተሳለ ፖሊስ ሁሌም ይከብደኛል። ልጅ አሻግሮ የሚውል ሰው ሁለት ዓይኑ ቢታይ እወዳለሁ።

3. ኮፍያው

እዚህ ላይ ቀስ በሉ።

አንድ ጊዜ አንድ ትምህርት ቤት አጥር ላይ፣ ልጆች በዜብራ እንዲሻገሩ የሚያስተምር ሥዕል ሠርቼ ነበር። ትራፊክ ፖሊሱን ከሰው ቁመት አስበልጬ ሳልኩት። ከቅርብ ሳየው ጥሩ ነበር። ቀለሙ ሁሉ ካለቀ በኋላ አስፋልቱን ተሻግሬ ዞር ብዬ ሳየው ጭንቅላቱ ኮፍያው ውስጥ አልገባም፤ ኮፍያው እንደ ሰሃን አናቱ ላይ ተቀምጧል። ሳላስበው የኮፍያውን የታች ጠርዝ በቀጥታ መስመር ሠርቼዋለሁ፣ ያውም የራስ ቅሉ የሚያልቅበት ቦታ ላይ። ከአንገቱ በላይ ያለውን በሙሉ በነጭ ቀለም አጥፍቼ እንደገና ለመሳል ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ልጆቹ እያዩ ስለነበር አዝኛለሁ። ስለዚህ ኮፍያውን ቀለም ከመንካታችሁ በፊት፣ በእርሳስ እያለ ጨርሱት።

ሲጀመር ፀጉር አትሳሉ። ሙሉውን የራስ ቅል በቀጭኑ ሳሉት፤ ኋላ በኮፍያ ይሸፈናል ብላችሁ አናቱን አትዝለሉት። ከዚያ ግንባሩ መሃል ላይ ነጥብ አድርጉ። ኮፍያው ጭንቅላቱን ዙሪያውን እንደ ቀበቶ የሚይዝበት ጠባብ ክፍል አለው፤ እሱ የሚጀምረው እዚህ ነጥብ ላይ ነው። ከነጥቡ ተነስታችሁ ከጆሮው በላይ አልፎ ወደ ማጅራቱ የሚዞር መስመር አስምሩ።

ይህ መስመር ነው ሁሉም ሰው ቀጥ የሚያደርገው። የቡና ሲኒ አምጡና ሞክሩት። ሲኒውን ከዓይናችሁ በላይ ከፍ አድርጋችሁ አፉን እዩት፤ ወደ እናንተ ያለው ጠርዝ እንደ ቀስተ ደመና ወደ ላይ ይጎብጣል። ቀስ እያላችሁ አውርዱት። ከዓይናችሁ ትክክል ሲደርስ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፣ ከዚያ በታች ሲወርድ ደግሞ ወደ ታች ይጎብጣል። ኮፍያውም እንደዚሁ ነው። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ካያችሁት መስመሩ ወደ ላይ ይጎብጣል። ከፎቅ ላይ ካያችሁት ወይም እሱ አንገቱን ደፍቶ ቅጣት እየጻፈ ከሆነ ወደ ታች። ለዛሬው ሥዕል ታክሲ ውስጥ ነን እንበልና በጣም በትንሹ ወደ ላይ አጉብጡት።

የላይኛው ክፍል ከታችኛው ሰፋ ይላል፤ ከፊት ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ይወርዳል። በግራና በቀኝ ከጆሮዎቹ ትንሽ አልፎ ቢወጣ በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ ጃንጥላ ይሆናል።

ፀሐይ የሚከልለው የፊት ክፍል ደግሞ እንደ ቀጭን ጨረቃ ነው። ወደ ፊት ሲወጣ ወደ ታችም ያዘነብላል፤ ስለዚህ ቅንድቡን በከፊል ይሸፍነዋል። ይሸፍነው። ብዙ ሰው ቅንድቡን ሙሉውን ለማሳየት ብሎ ይህን ክፍል ወደ ላይ ይገለብጠዋል፣ ያን ጊዜ የኳስ ተጫዋች ኮፍያ ይሆናል። ሲያልቅ ሥዕሉን በመስታወት እዩት። ኮፍያው ወደ አንድ ወገን የተንሸራተተ ከሆነ በመስታወት ወዲያው ይታያችኋል።

4. ልብሱ

አንገትጌ፣ ኪስ፣ ቁልፍ፣ ቀበቶ ያው እንደምታዩት ነው። የጨርቁ እጥፋት ግን በየቦታው አይበተንም፤ ጨርቅ የሚሸበሸበው ሰውነት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው። ክርኑ ውስጥ፣ ብብቱ ስር፣ ከቀበቶው በላይ፣ ጉልበቱ ኋላ። በተነሳው እጅ በኩል እጥፋቶቹ ከወገቡ ተነስተው ወደ ትከሻው ይሳባሉ። አምስት ስድስት መስመር ይበቃል።

የሰደርያው አንጸባራቂ ጥብጣብ ደረቱን ዞሮ ስለሚሄድ እሱም እንደ ሲኒው ይጎብጥ። ጥብጣቡን ምንም አታጥቁሩት፣ የወረቀቱ ነጭ ራሱ ያንጸባርቃል።

5. የተነሳው እጅ

መዳፋችሁን ፊታችሁ ላይ አድርጉት። ከአገጫችሁ እስከ ፀጉራችሁ መነሻ ይደርሳል፤ የእሱም እጅ ከፊቱ ጋር እንደዚያ ይመጣጠን። መጀመሪያ አራቱን ጣቶች አንድ ላይ እንደ ጓንት ሳሉና ኋላ ለያዩዋቸው። መዳፉ ወደ እኛ ስለሆነ የቀኝ እጁ አውራ ጣት ወደ ራሱ ጭንቅላት በኩል ነው የሚያየው። ይህ ብዙ ሰውን ያሳስታል። ከተጠራጠራችሁ ቀኝ እጃችሁን አንስታችሁ መስታወት ፊት ቁሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ክንዱን ወደ ላይ አንሱት እንጂ በቀጥታ ወደ ተመልካቹ አትዘርጉት፤ እንደዚያ ሲዘረጋ ክንዱ አጥሮ ስለሚታይ ለመሳል በጣም ይከብዳል።

6. ማዕረግና አርማ

በግምት አትሳሉ። ኮንስታብል፣ ሳጅን፣ ኢንስፔክተር፣ ኮማንደር ሁሉም የየራሳቸው ምልክት አላቸው። የፌዴራልና የክልል ፖሊስ ልብስም አንድ አይደለም፣ በየጊዜውም ይቀየራል። ለማሳመር ብላችሁ ትከሻው ላይ ኮከብ ከደረደራችሁ፣ ሰውየው በዓመታት ሥራ የሚያገኘውን ነገር በእርሳስ አደላችሁት ማለት ነው። የከተማችሁን ትራፊክ አይታችሁ እሱኑ ሳሉ። በደንብ ካልታያችሁ ቦታውን በቀላል ጥላ እለፉት፣ ከሩቅ ያለ ሰው ማዕረጉ አይነበብም።

7. ጥላው

ፀሐይዋ ከየት እንደመጣች ወስኑ፤ እኔ ከላይ ከግራ አደርጋታለሁ። በጣም ጥቁሩ ጥላ ከኮፍያው የፊት ክፍል ስር፣ ዓይኑ ላይ የሚያርፈው ነው። እዚያ 6ቢ ተጠቀሙ። ልብሱ ጠቆር ያለ ቢሆንም ሁሉንም አታጥቁሩት፣ እጥፋቱ ይጠፋባችኋል። በ2ቢ አንድ ጊዜ በስሱ ሂዱበት፣ ከዚያ በጥላው በኩል ብቻ ድገሙት። በጣት ማሸት የሚወድ አለ፤ እኔ አልመክርም። የጣት ወዝ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ላጲስ አይነካውም። ሶፍት ጠቅልላችሁ እሹ። የላጲሱን ፍርፋሪ እፍ በሉት፣ በእጃችሁ አትጥረጉት።

ከጫማው ስር ወደ ቀኝ የሚሄድ አጭር ጥላ ጨምሩ፤ ያለ እሱ ሰውየው አየር ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ የመነሻ መስመሮቹን አጥፉና ቤት ውስጥ ላለ ልጅ አሳዩት። "ፖሊስ ነው" ካለ ገና ነው፤ ወደ እጁና ወደ ትከሻው ተመለሱ። "መኪና እያስቆመ ነው" ካለ ስማችሁን ከታች ጻፉበት።