የባሕር ዳርቻን ከሱናሚ ጉዳት ለመከላከል ጥናቱ ከየት ይጀምር?

ለአንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ የሱናሚ መከላከያ የሚያቅድ ባለሙያ ሥራውን ከግንቡ ከፍታ ሳይሆን ከአፈሩ መጀመር ይኖርበታል። በጃፓን የሰንዳይ ሜዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ869 የደረሰው የጆጋን ሱናሚ የተወውን የአሸዋ ንጣፍ ከባሕሩ ርቆ ከሩዝ ማሳ ሥር አግኝተውት ነበር፤ ግኝቱ በመከላከያ ዕቅዶች ውስጥ ተገቢውን ቦታ ሳያገኝ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2011 ውኃው ዳግም መጣ።

ስለዚህ ከባሕሩ ወደ የብስ በሚዘልቅ መስመር ላይ ጉድጓድ እየተቆፈረ የአፈር ናሙና ይወሰድ፤ የንጣፎቹም ዕድሜ ይለካ። ሆኖም አሸዋው ያበቃበት ቦታ ውኃው ያበቃበት ቦታ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። በ2011 ሰንዳይ አጠገብ ውኃው 4.5 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ የብስ ሲገባ፣ በግልጽ የሚታየው የአሸዋ ንጣፍ 3 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይደርስ አልቋል፤ ከዚያ ወዲያ የተገኘው ጭቃ ነበር። አሸዋውን ብቻ የለካ አጥኚ አደጋውን አሳንሶ ይገምታል።

ቀጥሎ ሁለት ዓይነት ማዕበል ይለይ። ጃፓን ከዚያ አደጋ ወዲህ በምትከተለው አሠራር፣ በአሥርት ዓመታት ወይም በመቶ ዓመት ገደማ አንዴ የሚመጣውን ማዕበል ግንብ እንዲገታው ይታቀዳል፤ በብዙ መቶ ወይም በሺህ ዓመት አንዴ ለሚመጣው ግን ዋናው መከላከያ ሰውን በጊዜ ማሸሽ ነው።

ግንቡ ሲነደፍ ዋናው ጥያቄ ውኃው ሲሻገረው ምን ይሆናል የሚለው ነው፤ በ2011 ከፈረሱት ግንቦች ብዙዎቹ የወደቁት ተሻግሮ የወረደው ውኃ በከተማው በኩል ያለውን መሠረት ቦርቡሮት ነውና። ስለዚህ የኋላው እግር በኮንክሪት ይጠናከር፤ ንድፉም በቤተ ሙከራ የውኃ ቦይ ውስጥ በትንሽ አምሳያ ይፈተሽ።

ዛፍ መትከል ርካሽ ቢመስልም ብቻውን አያዋጣም፤ በጃፓን የባሕር ዳርቻ ከተማ በሪኩዘንታካታ ከነበሩት 70,000 ያህል ጥዶች ከ2011 ሱናሚ በኋላ ቆሞ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። የተሻለው ሁለተኛ መስመር ከፍ ብሎ የተሠራ መንገድ ነው። በሰንዳይ የአውራ ጎዳናው አፈር ድልድል ፍርስራሹን አግዷል፤ ወደ ላዩ የወጡ ሰዎችም ተርፈዋል። እንዲህ ባለው ድልድል ላይ መወጣጫ ደረጃ ይሠራለት፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድም በሽማግሌ እርምጃ፣ በጨለማና በብርድ ጭምር በሰዓት ይለካ።